ልጄ በሳይክል የሄደችበት ክረምት

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ጅቡቲ ደርሶ እስኪመለስ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ወደቡ ላይ ወረፋ ከያዘው ደግሞ ከዚያም ያልፋል። አንድ ቀን እቤት ምሳ እየበላን፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ከካቢናው ላይ ሆኖ በቀኝ በኩል ጎማው አጠገብ ያለውን ነገር ማየት እንደማይችል ነገረኝ። ሰው ይሁን ውሻ፣ ከዚያ ከፍታ ላይ አይታይም አለኝ። ጉርሻውን ዋጠና ሌላ ወሬ ጀመረ። እሱ እዚያው ረሳው። እኔ ግን ያቺን ወሬ መዋጥ አቃተኝ።

ያው ሰውዬ ነው እንግዲህ በግንቦት ወር ከድሬዳዋ አሮጌ ሳይክል ካቢናው ጀርባ አስሮ ይዞ የመጣው። ቀይ ነው፤ ቀለሙ እዚህም እዚያም ተልጧል፣ ኮርቻው በሽቦ ተጠግኗል። ልጃችን ያን ሰሞን ቃሊቲ አንድ ብስኩት ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ገብታ ነበር፤ ገና የሙከራ ጊዜዋ ላይ ናት። እኛ የምንኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠዋት የታክሲ ሰልፉ እንደ እባብ ተጠምዝዞ ሱቆቹን ሁሉ ያልፋል። ሥራ የሚጀመረው አንድ ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ሰልፉን ለመቅደም አሥር ሰዓት ተኩል ላይ እየተነሳች ዓይኗ ሥር ጠቁሮ ነበር። አባቷም አይቶ አዘነላት መሰለኝ ሳይክሉን ሰጣት። እሷ በልጅነቷ በደቂቃ እየተከራየች ተምራ ስለነበር ወዲያው ወጣችበትና ብሎኩን ሁለት ጊዜ ዞረችው። ጎረቤት ሁሉ በረንዳ ወጥቶ አጨበጨበላት። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ።

እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ። መብረቅ ሲሆን መስታወት እሸፍናለሁ። ሲሊንደሩን ዘግቼ ወጥቼ ከደረጃው ተመልሼ አያለሁ። ልጄ ትስቅብኛለች፤ «እማ፣ ሰው ሲሄድ ነው የሚወድቀው፤ አንቺ እኮ ቁጭ ብለሽ ነው የምትወድቂው» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ግንቦትስ ደህና አለፈ። መንገዱ ደረቅ ነው፣ ጠዋቱ ብርሃን ነው፣ ልጄ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጥታ ከአንድ ሰዓት በፊት ትደርሳለች። ደርሻለሁ ብላ ትደውልልኛለች፤ ከዚያ እኔም ሻዬን እጠጣለሁ። ሰኔ ሲገባ ነው ነገሩ የተለወጠው። የኛ አካባቢ አፈር ጥቁር ነው፤ ድሮ ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት የነበረ እርሻ ነው። ዝናብ ሲነካው እንደ ሊጥ ይሆናል፤ እግር ሲይዝ ጫማ አስቀርቶ ነው የሚለቀው። ከብሎካችን እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ገና ድንጋይ አልለበሰም። ሳይክሉ አሥር እርምጃ ሳይሄድ ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይጠቀጠቅና አልዞርም ይላል። ልጄ በእንጨት እየፈነቀለች፣ ትንሽ እየነዳች፣ ትንሽ እየተሸከመች አስፋልት ትደርሳለች። አስፋልቱ ላይ ደግሞ የባሰው አለ። የጭነት መኪናው ሁሉ በዚያው ነው የሚያልፈው፤ ውኃ የሞላ ጉድጓድ ሲያገኝ እስከ ሰው ራስ ይረጫል።

ፀጉሯን በፌስታል አስራ፣ ከላይ የዝናብ ልብሷን ለብሳ፣ ኮርቻውንም ሌላ ፌስታል አልብሳ ስትወጣ ከበረንዳው አያታለሁ። መታጠፊያውን ስታልፍ ጀርባዋ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ያለው አርባ ደቂቃ የእኔ ነው። ድስት እጥዳለሁ፣ አወርዳለሁ፣ ምን እንደጣድኩ ግን አላውቅም። ስልኩ ሲጮህ የያዝኩትን ጥዬ እሮጣለሁ። ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ ስልኳን በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ስለምትከተው ለመደወል ትዘገያለች። ያቺ የምትዘገይባት ጊዜ እኔን አስረጅታኛለች።

በታክሲ ሂጂ ብዬ ለመንኳት። ክረምቱ እስኪወጣ ብቻ አልኳት። ሁለት ቀን ሞከረች፤ በሁለቱም ቀን ሰልፉ ላይ በስብሳ ለጥቂት ነው የደረሰችው። ሦስተኛው ቀን ሳይክሏን ይዛ ወጣች። ተቆጣኋት፣ አለቀስኩ፣ ለአባቷ ደወልኩ። እሱ አዋሽ ላይ ሆኖ፣ ልጅቷ መንገድ ታውቃለች፣ አንቺ ተረጋጊ አለኝ። ተረጋጊ ማለት ለሱ ቀላል ነው፤ ካቢናው ላይ የተቀመጠው እሱ ነው።

እንግዲህ አሁን የምጽፈው የማፍርበትን ነው።

የሰኔ ጾም ነበርና ምስር እየለቀምኩ ነበር። ባለቤቴ ከዓመታት በፊት የነገረኝ ሌላ ወሬ ትዝ አለኝ። የመኪና ረዳቶች ሲጣሉ አንዱ የሌላውን ጎማ ለማስተንፈስ፣ አየር የሚሞላበትን ቀዳዳ ክዳን ይከፍቱና አንዲት ፍሬ ጥራጥሬ ይከቱበታል። ክዳኑ ተመልሶ ሲጠብቅ ፍሬዋ ቀዳዳው ውስጥ ያለችውን መርፌ ተጭና ትይዛታለች። አየሩ ቀስ እያለ ያልቃል፤ ማንም ነካ አይባልም። ትሪው ላይ እጄ ቆመ። ከፊቴ አንድ ኪሎ ምስር ተዘርግቷል።

ሳይክሉ የሚያድረው በረንዳ ላይ ነው። ማታ ከእራት በኋላ ልብስ ላወርድ መስዬ ወጣሁና አንዲት ምስር ከተትኩ። ንጋት ላይ ልጄ ሳትነሳ አወጣኋትና ክዳኑን መለስኩት። ጎማው መሬት ላይ ተዘርግቶ ነበር። ልጄ አየችና እንደ ወንድ ተሳድባ ወደ ታክሲው ሮጠች። ዘገየች፤ ስሟ ተጻፈ። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ቤቱን ጠራረግሁ፣ ከጎረቤት ጋር ተጫወትሁ፣ ከሰዓት በኋላ ጋደም ብዬ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከሰኔ መግቢያ ወዲህ ቀን የተኛሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ልጄ ማታ ስትመለስ የእጅ መንፊያ ገዝታ መጣች። ከእንግዲህ ጎማ አያስቀረኝም አለች። ሁለት ሳምንት እንደዚያ ሄደች። አንድ ጠዋት ሰማዩ ገና ሳይነጋ ጥቁር ሆኖ ነበር፤ ዝናቡም ነፋስ ነበረው። ጎማዋን ነፍታ አዘጋጅታ የዝናብ ልብሷን ልታመጣ ወደ ውስጥ ስትገባ፣ እኔ በዚያች ደቂቃ ምስሯን ከተትኩ። ያሰብኩት፣ ከግቢው ሳትወጣ ይተነፍስና ትመለሳለች ብዬ ነው። ምስሯ ግን ትንሽ ነበረች፤ አየሩ የወጣው ቀስ ብሎ ነው። ልጄ ጭቃውን አልፋ፣ አስፋልት ገብታ፣ ድልድዩን ተሻግራ፣ ከከባድ መኪኖቹ መካከል ስትደርስ ነው ጎማው የሞተው። መንፊያውን እቤት ትታዋለች። በዚያ ዝናብ የሞተ ሳይክል እየገፋች፣ መንገድ ዳር መቆሚያ በሌለበት፣ ቃሊቲ ድረስ በእግሯ ሄደች።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ማታ ነው። እግሯን በሙቅ ውኃ እያጠብኩላት ነገረችኝ። አለቃዋ፣ ሁለት ጊዜ ዘግይተሻል፣ ሦስተኛ ከደገምሽ ሙከራሽ እዚህ ላይ ያበቃል ብሏታል። ሳይክሉን ስትመለስ ከብሎካችን ታች ካለው ጎሚስታ ትታው መጥታለች። ጎማው ተቀዷልና ይጠገናል፣ ነገ በታክሲ በሌሊት ወጥቼ እሄዳለሁ፣ አንቺ ሄደሽ ተቀበይልኝ አለችኝ። ከመኪናዎቹ አንዱ በክርኗ ልክ እንዳለፋት ስትነግረኝ ትስቅ ነበር። እኔ ጎንበስ ብዬ እግሯን ነበር የማየው።

ምስሯ ክዳኑ ውስጥ ናት። ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት ይህን ነው።

በማግስቱ ጎሚስታው ገና በሩን ሳይከፍት ደረስኩ። ከስልጤ የመጡ፣ ፂማቸው የሸበተ፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ከተሠራ ጀምሮ እዚያው ቆርቆሮ ሥር ጎማ ሲጠግኑ አውቃቸዋለሁ። ሳይክሉ ግድግዳው ላይ ተደግፎ አየሁት። እንዲያው ሳይነካ ልውሰደው፣ ልጅቷ ሐሳቧን ለውጣለች አልኳቸው።

«የተነፈሰ ጎማ ወዴት ነው የምትወስጂው እህቴ? አዝለሽው ነው?» አሉና በርጩማ ሰጡኝ።

ክዳኑን ፈተው ሳያዩ መሬት ላይ አስቀመጡት። ካላማዳሪያውን ከጎማው ውስጥ ጎትተው አወጡና ነፉት፤ ከዚያ በተቆረጠ ጀሪካን ውኃ ውስጥ እየነከሩ አዞሩት። ቀዳዳ ካለ ውኃው አረፋ ያወጣል። አንዴ አዞሩት፣ ደገሙት፣ ሠለሱት። ውኃው ዝም አለ። እኔ ደግሞ ክዳኑን እንጂ ውኃውን አላይም።

«ይሄ ካላማዳሪያ ከኔ ይሻላል፤ እኔ ስንት ቦታ ተለጥፌያለሁ» አሉ።

መልሰው ገጠሙት፣ ነፉት፣ ክዳኑን አነሱና አጠበቁት። ጎማው ስስስ አለ። ክዳኑን ፈቱ፤ ዝም አለ። አጠበቁ፤ ስስስ አለ። ያኔ ክዳኑን መዳፋቸው ላይ ገልብጠው መታ መታ አደረጉት። ምስሯ ወደቀች። በዝናቡ ርሳ አብጣለች፤ አንድ ጫፏ ላይ ነጭ ነገር ብቅ ብሏል። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«እዚህ ማን ነው ምስር የዘራው?» አሉ።

ልጆች ይሆናሉ የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ብሎኩ ውስጥ ልጅ ሞልቷል፤ ማንም ይቀበለኝ ነበር። ግን ሰውዬው ወደኔ አላዩም፤ መዳፋቸውን እንደዘረጉ ምስሯን ያያሉ። የልጄ እግር ትዝ አለኝ፤ ተረከዟ ላይ ጫማው ልጦት ነበር።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አልኳቸው።

ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ምክንያቱን ጠየቁኝ፤ መኪናውን እፈራለሁ አልኳቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁና ሳይክሉን ገልብጠው በኮርቻውና በመሪው አቆሙት። ከዚያ ጠርተውኝ ጎንበስ በዪ አሉኝ። ፍሬን ሲያዝ ቸርኬውን፣ የጎማውን ብረት፣ ከግራና ከቀኝ የሚጨብጡ ትንንሽ ላስቲኮች አሉ። የፊተኛው ላስቲክ አልቋል። ጥቁሩ ጭቃ እንደ ሞረድ በልቶት ብረቱ ወጥቷል፤ ቸርኬውም ተፈቅፍቋል። የኋለኛውም ከእሱ የሚሻል አልነበረም።

«ነገ ጠዋት ወደ ድልድዩ ስትወርድ ይኼ አይዛትም ነበር። አንቺ ጎማው ላይ ስትለፊ ገዳዩ እዚህ ተቀምጧል» አሉኝ።

እዚያ ከተከመረው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እኔ እኮ ሰኔን ሙሉ ዓይኔን ሳልከድን ስፈራ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብዬ ሳይክሉን አላየሁትም። መፍራትን ሥራ አድርጌው ነበር፤ ግን ምንም አልሠራሁበትም።

ሰውዬው አዲስ ላስቲክ አወጡ። ራሳቸው ይገጥሙታል ብዬ ስጠብቅ ብሎን የሚፈታበትን ኪያቤ እኔ እጅ ላይ አስቀመጡት። እንቢ አልኩ። ሴትም፣ እናትም፣ ያልተማርኩም እንደሆንኩ ሁሉ ዘረዘርኩላቸው። እሳቸው ድስት የምትጥድ ሴት ብሎን ማጥበቅ አያቅታትም አሉ። ብሎኑን ወደ የት እንደማዞር፣ ላስቲኩ ቸርኬውን ብቻ እንጂ ጎማውን እንዳይነካ፣ ሽቦውን ምን ያህል እንደምስብ አሳዩኝ። አንዱን ሦስት ጊዜ አበላሸሁት። አራተኛው ያዘ። ጎማውን አሽከርክሬ ፍሬኑን ስይዘው ቀጥ አለ። ወይ ጉድ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ደግሜ አሽከረከርኩት፣ ደግሜ ያዝኩት። ጋሼ ፍሬን በመያዝ ታቃጥዪዋለሽ እንዴ ብለው ሳቁ።

ስሄድ ለልጄ ምን እንደሚሏት ጠየቅኋቸው። ቀዳዳ የለውም፣ ሰው ነው ያስተነፈሰው ነው የምላት፤ የቀረው የአንቺ ነው አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይክሉ የእኔ ሆነ። ልጄ ማታ ከሥራ ስትገባ ደረጃው ሥር ትሰጠኛለች፤ እሷ ልብሷን ልትቀይር ትወጣለች፣ እኔ እቀመጣለሁ። ጭቃው ሳይደርቅ በእንጨት እፍቃለሁ፣ በትንሽ ውኃ አጥባለሁ፣ በአሮጌ ቲሸርት አደርቃለሁ። መጀመሪያ ሰሞን የፔዳሉ ካቴና እንዳይዝግ ብዬ ግራሶ ቀብቼበት ነበር፤ ግራሶው የመንገዱን አሸዋ ሁሉ ሰብስቦ ካቴናው እንደ ወፍጮ መንኳኳት ጀመረ። ጋሼ በናፍጣ አጥበሽ ቀጭን ዘይት በየዓይኑ ጠብ አድርጊና መልሰሽ ጥረጊው አሉኝ። ለሚታየው ሳይሆን ለውስጡ ነው ዘይቱ አሉ። እንደዚያ ሳደርግ ዝም አለ። ቸርኬው ላይ ግን አንዲት ጠብታ ዘይት እንዳይነካ እጠነቀቃለሁ፤ ፍሬኑን ያሳውረዋል።

የብሎኩ ሰው ተሳለቀ። ጥበቃው ሳልፍ ሳገድም «እትዬ ጎሚስታ፣ የኔንም ጉልበት ዘይት አድርጊልኝ» ይለኛል። አራተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ሰው በስተርጅና መነኩሴ ይሆናል እንጂ መካኒክ ይሆናል እንዴ አለችኝ። ከሳምንት በኋላ ግን የልጇን ጋሪ፣ ጎማው አልዞር ያለውን፣ ይዛልኝ መጣች። ባለቤቴም በስልክ ሲሰማ ሳቀና ቆይቶ ቁምነገር አወራኝ። የሾፌሩን ፊት በጎን መስታወቱ ካላየሽው እሱም አያይሽም፣ እንዲህ ብለሽ ንገሪያት አለኝ። ነገርኳት። አባቴ ከመቼ ወዲህ ነው ለሳይክል የሚጨነቀው አለች፤ ግን ሰምታኛለች።

ፍርሃቴ ሄደ ልል አልችልም። አልሄደም። ግን እጁን ይዤ ሥራ ሰጠሁት። ጠዋት ልጄ ስትወጣ ፍሬኑን እኔ አጥብቄዋለሁና፣ ወደ ድልድዩ ስትወርድ የኔ እጅ አብሯት ያለ ይመስለኝ ነበር። ሐምሌን እንደዚህ ደስ ብሎኝ አሳለፍኩ። አንድም ቀን አልዘገየችም።

አንድ ነገር ብቻ አልተናገርኩም። ልጄ ጋሼ የነገሯትን ይዛ ጎማዋን ያስተነፈሱት የሁለተኛ ፎቅ ልጆች ናቸው ብላ ደምድማ ነበር። አየር ሰርቀው ከሥራ ሊያስባርሩኝ ነበር ትላለች። አንድ እሁድ፣ ፍልሰታ ልትገባ ሰሞን፣ እኔ ደረጃው ሥር ሳይክሉን ሳጥብ መጥታ፣ ዛሬ ለእናታቸው ልነግራት ነው፣ እስከ ዛሬም የታገሥኳቸው ስላንቺ ነው አለች። እናትየዋ መራር ሴት ናት፤ በቀበቶ ነው የምትመታቸው።

ጨርቁን አስቀመጥኩና ቁጭ በዪ አልኳት። እኔ ነኝ ያስተነፈስኩት አልኳት። አልገባትም። እንዴት እንደከተትኩ፣ ሁለት ጊዜ እንደሆነ፣ ያን የዝናቡን ቀን ጭምር ነገርኳት። ፊቷ ቀስ እያለ ተለዋወጠ።

«ሥራዬን ልታስጥይኝ?» አለች።

«እንድትተርፊልኝ» አልኳት።

ከዚያ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ የቆምኩት ሰነፍ ሆኜ አይደለም። ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነበር። አንድ ሰኔ ወንዙ ሞልቶ የሰው ከብት ወሰደ፤ እናቴ ፈራችና ከዚያ ወዲህ አላሻገረችኝም። ወንዙ በጥቅምት ጎደለ። እኔ ግን እንደዚያው እቤት ቀረሁ። ይህን የነገርኳት እንድታዝንልኝ አልነበረም፤ የሠራሁት ምን እንደሆነ እኔም ለራሴ ጮክ ብዬ መስማት ፈልጌ ነው።

ልጄ ተነሳች። ሳይክሉን ከእጄ ወስዳ፣ ገና ግማሹ ጭቃ እንደሆነ፣ ተሸክማ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። በረንዳው ብረት ላይ በሰንሰለት ቆለፈችውና ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረች። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። እህልም የምትበላው ዓይኔን ሳታይ ነው። ማታ ሳይክሉን ራሷ ትጠርገዋለች፤ ደክሟት ስለሚሆን እላዩን ብቻ ነው። ቸርኬው ላይ ጭቃ ደርቆ አያለሁ፤ እጄ ይበላኛል፤ ግን ልነካው አልችልም። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ የቀረው አንድ ሳምንት ብቻ ነበር። ከበረንዳው መስኮት ላይ ቆሜ ላስቲኩን ከሩቅ ለማየት እሞክራለሁ።

በሦስተኛው ቀን ንጋት ዝናቡ ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ነበር። ከታች መንገዱ ጠፍቶ ውኃ ብቻ ይታያል። ዛሬስ ትቀራለች ወይ እላለሁ፤ ደግሞ ከቀረች ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። ሻይ አፍልቼ ወጥ ቤት ቆሜ ሳለ ኮቴዋን ሰማሁ። በሩ ላይ ቆመች። ፌስታሏን ራሷ ላይ አስራለች። ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ሰጠችኝ።

«እማ፣ ፍሬኑን እይልኝ። ቀኙ ያንሸራትታል» አለች።

ሳይክሉን ደረጃው ሥር አወረድነው። እሷ በስልኳ አበራችልኝ። የፊተኛው ላስቲክ ላይ አሸዋ ተጣብቆ እንደ መስታወት አንጸባርቋል። ፈታሁት፤ በብርጭቆ ወረቀት ፊቱን ፈተግሁት፤ ቸርኬውን በደረቅ ጨርቅ ዙሪያውን ጠረግሁት። ሰዓቱ ይሄዳል። እሷ ቶሎ በዪ አላለችም፤ ግን በየአፍታው ዞራ መንገዱን ታያለች። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። ዛሬ ምንም መክተት አያስፈልገኝም ነበር፤ አሥር ደቂቃ ብዘገይ ብቻ ይበቃኛል። እሷም ይህን ታውቃለች። አውቃም ነው የሰጠችኝ።

ብሎኑን መለስኩ፣ ሽቦውን ሳብኩ፣ አጠበቅሁ። «ያዢው» አልኳት። ያዘችው፤ ገፋሁት፤ ሳይክሉ እንደ ግድግዳ ቆመ። የኋላውንም ሞከርን። ከዚያ የዝናብ ልብሷን ቁልፍ እስከ አገጯ ቆለፍኩላትና ሂጂ አልኳት። ድልድዩ ላይ ቀስ በዪ ልል ነበር፤ ተውኩት። ወደ ውኃው ገባች። ለትንሽ ጊዜ ፌስታሏ ነጭ ሆኖ ታየኝ፤ ከዚያ መታጠፊያውን አለፈች።

ጥበቃው ከጎጆው ብቅ ብሎ «በዚህ ዝናብ ላክሻት?» አለኝ።

«ላክኋት» አልኩት።

ወደ በረንዳው አልወጣሁም። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ስልኬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ዝናቡን ሰማሁ። አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ጮኸ።

«ገባሁ። ታክሲ ስለሌለ ሰው ሁሉ ቀርቷል፤ መጀመሪያ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ቀኙ አሁን ጥሩ ነው» አለችና ደግሞ «ቁርስ በልተሻል?» አለችኝ።

አልበላሁም ነበር። ወጥቼ ሻዩን አሞቅሁት። እጄ እስከ አንጓው ጥቁር ነበር፤ እንደዚያው ዳቦዬን ቆርሼ በላሁ።